ከቁንዝላ ወደብ እስከ መካኒሳ፦ የእጅ ቋንቋ ታሪክ በኢትዮጵያ

አማርኛ ስለ ጆሮና ስለ አንደበት ብዙ ተርቷል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎ ዝምተኛውን ይገሥጻል፤ መልሶ ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» ሲል ዝምታን ያወድሳል። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» በሚለው ተረት ላይ ግን ፍርዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያጋደለ ነው። ደንቆሮ የሚለው ቃል ጆሮው የማይሰማውን ሰው የሚያመለክት ሲሆን፣ በልማድ ያልተማረውን፣ ያልገባውንና ምክር የማይቀበለውን ሁሉ መስደቢያ ሆኖ ኖሯል። ከዚህም የተነሣ መስማት የተሳነው ሰው ሥራውና ጠባዩ ገና ሳይታይ በቋንቋው ውስጥ አስቀድሞ ተፈርዶበት ይገኛል። ዛሬ በሕግና በጽሑፍ የሚሠራበት «መስማት የተሳነው» የሚለው አጠራር እንግዲህ የአክብሮት ለውጥ ብቻ አይደለም፤ የጆሮን ጉዳት ከአእምሮ ጉዳት ለይቶ የማየት ለውጥም ነው።

ይሁን እንጂ የስያሜው መለወጥ ከታሪኩ ጥቂቱን ብቻ ይነግራል። መስማት አለመቻል በተፈጥሮ ወይም በበሽታ የሚመጣ የአካል ሁኔታ ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበረሰብ፣ ቋንቋቸውና ባህላቸው ግን ከበሽታ የሚወለዱ አይደሉም፤ የሚወለዱት ከመሰባሰብ ነው። ይህ ልዩነት በቀላሉ የሚታየው ከዋና ከተማ ርቆ በሚገኝ፣ መስማት የተሳነው ሰው ብቻውን በሚኖርበት ቦታ ነው።

በሐይቁ ዳር

ቁንዝላ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በአቸፈር ምድር የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ ጎርጎራ ይደርስ የነበረው ጀልባ ለብዙ ዓመታት የዳርቻው ሕዝብ መገናኛ ሆኖ አገልግሏል። ከሞተር ጀልባውም በፊት የደንገል ታንኳ ሰውንና እህልን ሲያሻግር ኖሯል። በመሐንዲሶች ዘንድ የከተማይቱ ስም ይበልጥ የሚነሣው ለጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሆነው ውኃ ከሐይቁ የሚጠለፈው በእርስዋ አቅራቢያ በመሆኑ ነው። ግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ሲሆን፣ ውኃው ወደ ተርባይኖቹ የሚጓዘው 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ነው።

እንዲህ ባለ ከተማ መስማት ተስኖት የሚያድግ ልጅ ከሥራ አይገለልም። ደንገል ማሰር፣ መረብ መጠገን፣ በሬ መጥመድ፣ ሸማ መሥራት፣ እነዚህ ሁሉ ከቃል ይልቅ በዐይን የሚቀሰሙ ሙያዎች ናቸውና። በቤቱም ውስጥ እናቱ፣ እኅት ወንድሞቹና ጎረቤቶቹ ከእርሱ ጋር የሚግባቡባቸው ምልክቶች ቀስ በቀስ ይፈጠራሉ። ዓሣ በመዳፍ ውልብታ፣ ታንኳ በቀዘፋ፣ ቡና በሲኒ አያያዝ ይገለጻል። ሊቃውንት «የቤት ምልክት» የሚሉት ይህ ነው።

የቤት ምልክት ለዕለት ኑሮ ይበቃል፤ ዳር ድንበሩ ግን ጠባብ ነው። ከፊት ለፊት ያለውን ነገር ለማሳየት ይመቻል፤ ያለፈውን ለመተረክ፣ የሚመጣውን ለማቀድ፣ «ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ፣ ስለ ሞትና ስለ ፍትሕ ለመወያየት ግን አቅም ያጥረዋል። ከቤቱ ደጃፍ ባለፈም ጊዜ የሚያውቀው የለም። አንድ ሕፃን ቋንቋን በሙላት የሚቀስምበት ዕድሜ ደግሞ ከልደቱ እስከ መጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። ይህ ጊዜ ያለ ቋንቋ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ትምህርት ብዙ ይደክማል። ስለዚህ በልጁ ላይ የሚደርሰው ከባድ ጉዳት የድምፅ ማጣት ሳይሆን የቋንቋ ማጣት ነው።

የችግሩ ምንጭ አንዱ በሽታ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ በበጋው ወራት የሚነሣው ወረርሽኝ የብዙዎችን ሕይወት ሲቀጥፍ፣ ከሞት ካመለጡትም መካከል የመስማት ኃይላቸውን የሚያጡ አሉ። በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የደረሱት ወረርሽኞች እያንዳንዳቸው በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያጠቁ ነበሩ። ለዚሁ በሽታ «ኤ» ለተባለው ዝርያ የተዘጋጀው ክትባት በ2006 ዓ.ም. በአገሪቱ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። ኩፍኝና ያልታከመ የጆሮ መግል ግን ዛሬም የሕፃናትን ጆሮ ያደነቁራሉ።

የጆሮ ትምህርት

ጣና የገዳማት ሐይቅ ነው። በገዳማውያን ሥርዓት ዝምታ የራሱ ክብር አለው፤ አርምሞ የያዘ መነኩሴ ከአንደበቱ ይልቅ በእጁ ምልክት ሲግባባ የሚያየው ሰው ሁሉ ያከብረዋል እንጂ አይንቀውም። በፈቃድ የተያዘ ዝምታ ጽድቅ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ የመጣው ዝምታ ግን እንደ ጉድለት፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ ቁጣ ምልክት ተቆጥሯል። በሁለቱም ዘንድ እጅ አንድ ሥራ ይሠራል፤ ልዩነቱ ተመልካቹ ለሰውየው በሚሰጠው ግምት ላይ ነው።

ከዚህ ይበልጥ ዕጣን የወሰነው ግን የትምህርቱ ጠባይ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በድምፅ የሚሰጥ፣ በጆሮ የሚቀበሉትና በቃል የሚያጠኑት ነው። ሕፃኑ ፊደል የሚቆጥረው ጮኾ ነው፤ ዳዊት የሚደግመው ጮኾ ነው፤ ዜማ የሚያጠናው ከመምህሩ አፍ ነው። ጎጃም ደግሞ ጎንጅንና ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ያሉበት ምድር በመሆኑ፣ የሊቅነት መንገዱ በጆሮ በኩል የሚያልፍ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዐይነ ስውር የሆነ ልጅ ለመምህርነት ሊበቃ ችሏል፤ በየደብሩም ስመ ጥር የሆኑ ዐይነ ስውራን የዜማና የቅኔ መምህራን ተነሥተዋል። መስማት የተሳነው ልጅ ግን በዚያው ቤተ ክርስቲያን ደጅ አድጎ፣ ሥዕሉን እያየ፣ የማኅሌቱን ሽብሸባ እየተመለከተ፣ ከፊደል ገበታው ፊት ለመቀመጥ እንኳ መንገድ አልነበረውም። ይህ የሆነው ከክፋት አይደለም፤ በእጅ የሚቆጠር ፊደል ገና ስላልነበረ ነው።

ቋንቋ እንዴት ይሞታል፣ እንዴት ይወለዳል

ቋንቋ ያለ ማኅበር እንደማይኖር የጣና ዳርቻ ራሱ የሚመሰክረው ታሪክ አለ። በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት፣ በደንገል ታንኳ ሥራና ቀድሞም በጉማሬ አደን የታወቁት ወይጦዎች በአንድ ወቅት የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ጎንደር የነበረው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ይህን ቋንቋ ለማወቅ ፈልጎ፣ ንጉሡ ሁለት ወይጦዎች እንዲያስመጡለት አድርጎ ነበር። ሰዎቹ ግን በስቅላት ቢያስፈራሯቸውም እንኳ አንዲት መልስ ሳይሰጡ ቀሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀርመናዊው ሊቅ ኦይገን ሚትቮክ ስለ እነርሱ ሲጽፍ፣ ወይጦዎች የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ሰዎቹ አሉ፤ ታንኳውም አለ፤ ቋንቋው ግን የለም። የጎረቤቱን ቋንቋ በገበያና በአምልኮ ቦታ ዘወትር እየተናገረ የኖረ ሕዝብ፣ የራሱን የሚናገርበት ስፍራ ሲያጣ ቋንቋውም አብሮት ጠፋ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው፣ ማለትም ሰዎች በመሰባሰባቸው ብቻ ቋንቋ የተወለደበት ታሪክ የሚገኘው መስማት በተሳናቸው ዘንድ ነው። በኒካራጓ ዋና ከተማ በማናጓ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ለመስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ መምህራኑ ለማስተማር የሞከሩት የስፓንኛን ንግግር ነበር። ልጆቹ ግን ከየቤታቸው ይዘው የመጧቸውን ምልክቶች በጨዋታ ሜዳና በአውቶቡስ ውስጥ እያዋሃዱ፣ ማንም ያላስተማራቸውን፣ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ፈጠሩ። የቋንቋ ሊቃውንትም የአንድን ቋንቋ ልደት በዐይናቸው ለማየት በቁ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ18ኛው መቶ ዓመት ፈረንሳዊው ካህን ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ በፓሪስ የከፈተው ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ውጤት አስገኝቶ ነበር። የዚሁ ትምህርት ቤት ፍሬ የሆነው፣ ራሱም መስማት የተሳነው ሎራን ክሌር፣ ከቶማስ ጋሎዴት ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1817 በሃርትፎርድ ከተማ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ የአሜሪካ የምልክት ቋንቋም ከዚያ ተስፋፋ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1880 በሚላኖ የተሰበሰበው የመምህራን ጉባኤ፣ ልጆች በከንፈር ንባብና በንግግር ብቻ እንዲማሩ፣ የእጅ ምልክትም ከክፍል እንዲወገድ ወሰነ። ከድምፅ ሰጪዎቹ አብዛኞቹ ሰሚዎች ነበሩ። ውሳኔው ለረጅም ዘመን በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች ላይ ጥላውን ካጠላ በኋላ፣ ያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 በቫንኩቨር ተሰብስቦ ስሕተቱን በይፋ አውግዟል። በመካከሉም እ.ኤ.አ. በ1960 ዊልያም ስቶኪ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ የምልክት ቋንቋ እንደ ማናቸውም ቋንቋ የራሱ ውስጣዊ አሠራር ያለው መሆኑን በጥናት አሳይቶ ነበር።

የመሰባሰብ ዘመን በኢትዮጵያ

ይህ ረጅም ሰንሰለት ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው በሰሜን ሲሆን፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሕዳ በነበረችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በከረን ከተማ የስዊድን ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሁለተኛው በአዲስ አበባ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን በዋና ከተማይቱ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ማስተማር ጀመሩ፤ የመካኒሳውና የአልፋ ትምህርት ቤቶችም በዚያው ዘመን የተገኙ ናቸው። በኋላም በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር የሆሳዕናው አዳሪ ትምህርት ቤት ተከተለ። የፓሪስ ምልክት በሃርትፎርድ አድርጎ፣ የስካንዲናቪያውም በከረን በኩል ወደ ኢትዮጵያውያን ልጆች እጅ ገባ።

ልጆቹ ግን የተሰጣቸውን እንዳለ ተቀብለው አልቀሩም። ከየክፍለ ሀገሩ ሲመጡ ከየቤታቸው የያዟቸው ምልክቶች ነበሩ። እንጀራን፣ ጠላን፣ ነጠላን፣ ጥምቀትን፣ ለቅሶን የሚገልጽ ምልክት ከውጭ ሊመጣ አይችልምና፣ በአዳሪ ቤቱና በጨዋታው ሜዳ የውጭው ከአገሩ ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ እየተባለ የሚጠራው ተገኘ። በቤቱ ብቸኛ የነበረው ልጅ በዚህ ስፍራ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ የሚቀልድበት፣ የሚጣላበት፣ ምሥጢር የሚካፈልበት ጓደኛ አገኘ። ትምህርት ቤቶቹ የተከፈቱት ፊደል ለማስተማር ቢሆንም፣ ካፈሩት ሁሉ የላቀው ይህ ጓደኝነት ነው።

ከዚህ ትውልድ መካከል ያደጉት በ1963 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን አቋቋሙ። የማኅበሩ መቋቋም ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ሌሎች ስለ እነርሱ ሲናገሩ የኖሩ ሰዎች፣ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ሸንጎ አገኙ።

በዚያው በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተዘጋጀው የአማርኛ የጣት ፊደል ደግሞ በሥራ ጥበቡ መሐንዲስን የሚያስደንቅ ነው። የላቲን የጣት ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የእጅ ቅርጽ ይበቃዋል። የአማርኛ ፊደል ግን በሰባት ቤት የሚዘረዘር በመሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ሆሄ የተለየ ቅርጽ ይሰጥ ቢባል ከሁለት መቶ የሚበልጥ ቅርጽ ባስፈለገ ነበር። አዘጋጆቹ ያገኙት መፍትሔ ከፊደሉ ከራሱ ጠባይ የተወሰደ ነው። ለእያንዳንዱ ተነባቢ አንድ የእጅ ቅርጽ፣ በጠቅላላው ከሠላሳ የሚበልጡ ቅርጾች ተመደቡ፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስና ሳብዕ ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። «ለ» እና «ሉ» በገበታው ላይ አንድ አካል ይዘው በቅጥያ እንደሚለያዩ ሁሉ፣ በእጅም ላይ አንድ ቅርጽ ይዘው በእንቅስቃሴ ይለያያሉ። ለዘመናት በጩኸት ብቻ ሲቆጠር የኖረው ሀ ሁ ሂ፣ በዚህ ዓይነት ያለ ድምፅ የሚቆጠር ሆነ።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በዓለም የተመሰገነው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ ዐሥራ አምስቱም የአንደበት ቋንቋዎች ነበሩ። የእጅ ቋንቋ እንደ አንድ የአገሪቱ ቋንቋ ለመቆጠር ተጨማሪ ዓመታት ያስፈልጉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ባህል የዲግሪ ትምህርት ሲከፍት፣ ያ ቋንቋ ከጓሮ ወደ አደባባይ ወጣ ለማለት ይቻላል።

ባህልና ማንነት

ባህል ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። መስማት በተሳናቸው ዘንድ ሰው በፊደል ተቆጥሮ ብቻ አይጠራም፤ ከመልኩ፣ ከጠባዩ ወይም ከልማዱ ተወስዶ የምልክት ስም ይወጣለታል። ይህን ስም ለራስ ማውጣት ነውር ነው፤ የሚያወጣው ማኅበሩ ነው። ኢትዮጵያዊ ከዓለም ስሙ ሌላ የክርስትና ስም እንዳለው ሁሉ፣ እነዚህ ሰዎች ወደ ማኅበራቸው የገቡበት ተጨማሪ ስም አላቸው። ሰውን ለመጥራት ትከሻን መንካት፣ ወለልን በእግር መምታት ወይም መብራትን ብልጭ ድርግም ማድረግ የጨዋ ወግ ነው። ሲነጋገሩ ፊትን ማዞር ግን በሰሚዎች ዘንድ ጆሮን እንደ መድፈን ይቆጠራል። ብዙዎቹም የሚጋቡት እርስ በርሳቸው ነው። እነዚህ የአንድ ማኅበረሰብ እንጂ የአንድ በሽታ ምልክቶች አይደሉም።

ሕግም ወደዚህ አስተሳሰብ የተጠጋው በዝግታ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 340 መስማትና መናገር የተሳናቸውን ከዐይነ ስውራንና ራሳቸውን መምራት ከማይችሉ ድኩማን ጋር በአንድ መስመር አስቀምጦ፣ ለአእምሮ ሕሙማን የተሠራውን ጥበቃ መጠየቅ እንዲችሉ ፈቅዶ ነበር። ሐሳቡ ርኅራኄ ቢኖረውም፣ መነሻው አለመቻል ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 ግን የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት አስከበረ፤ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም የምልክት ቋንቋንና መስማት የተሳናቸውን ባህል በስም ጠርቶ ዕውቅና እንዲሰጣቸው ይጠይቃል። ከአምሳ ዓመት በፊት ሞግዚት ያሻዋል የተባለው ሰው፣ እነሆ የባህል ባለቤት ተብሎ ተጠራ።

የመሐንዲሱ ድርሻ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለአካል ጉዳተኞች ባዘዘው አንቀጽ የጠቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱትንና ደረጃ ለመውጣት የሚቸገሩትን ነበር። ይህ ተገቢ ድንጋጌ ነው፤ ሆኖም መሰናክልን በእግር ብቻ መለካቱ የዘመኑን አስተሳሰብ ያሳያል። መስማት ለተሳነው ሰው መሰናክሉ ደረጃ አይደለም፤ በደወል ብቻ የሚያስጠነቅቅ የእሳት አደጋ ምልክት፣ ተራው የደረሰውን በስም ብቻ የሚጠራ መሥሪያ ቤት፣ ተናጋሪና አድማጭ ፊት ለፊት የማይተያዩበት አዳራሽ ነው። ብልጭ የሚል መብራት፣ ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ፣ በግማሽ ክብ የተደረደሩ መቀመጫዎች ከሕንፃው ዋጋ አንጻር እዚህ ግባ የማይባል ወጪ ነው ያላቸው።

በመገናኛም በኩል እንዲሁ ነው። የተንቀሳቃሽ ስልክ አጭር የጽሑፍ መልእክት ለሰሚው ሕዝብ ተጨማሪ ምቾት ሲሆን፣ መስማት ለተሳነው ግን ስልክ ማለት እርሱ ነበር። ከሰኔ 1997 እስከ መስከረም 2000 ዓ.ም. ይህ አገልግሎት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ በቆየ ጊዜ፣ ሰሚው ደውሎ ተነጋገረ፤ መስማት የተሳነው ግን ከሁለት ዓመት በላይ ስልክ አልነበረውም ማለት ነው። ኤሌክትሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ሰሚዎች ወሬያቸውን በጨለማ ይቀጥላሉ፤ በእጃቸው የሚነጋገሩ ሰዎች ግን ንግግራቸው ይቋረጣል። ለእነርሱ ብርሃን ከማየት አልፎ መስማትም ነው።

ዛሬ በባሕር ዳር መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩባቸው ክፍሎች አሉ። በሐይቁ ማዶ፣ በዳርቻው ቀበሌዎች የሚወለድ ልጅ ግን ከዚያ የሚደርሰው ወላጆቹ ትምህርቱ መኖሩን ካወቁ፣ የሚያርፍበት ዘመድ ከተገኘና መጓጓዣው ከተሟላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቋንቋ በቀላሉ የሚቀሰምበት ዕድሜ ካለፈ በኋላ ይሆናል። የጣናን ውኃ ከቁንዝላ አቅራቢያ ጠልፎ በተራራ ውስጥ 12 ኪሎ ሜትር አሻግሮ ብርሃን ለማድረግ የቻለ አገር፣ አንድን ልጅ በሰባት ዓመቱ ሳይሆን በሦስት ዓመቱ ከመሰሎቹ ጋር ለማገናኘት ዐቅም ያንሰዋል ለማለት አይቻልም። ወይጦዎች በዚያ ዳርቻ ያጡትን ቋንቋ መልሶ ማምጣት የሚችል የለም። ገና ያልተማሩት ልጆች ግን ቋንቋቸው በሐይቁ ማዶ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል።